ኮሶዬ አፋፍ ላይ

ማክሰኞ ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም ከጎንደር አራዳ ስንነሣ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልሞላም ነበር። በኮንትራት በያዝናት ሚኒባስ ውስጥ እናቴ፣ አጎቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ አለን። እናቴ አገልግሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እንያዝልሽ ብንላትም አልሰጠችንም። ጉዞውን ያመጣችው እሷ ናት። እሑድ ማታ ቡና እየጠጣን፣ "ጥምቀቱን አያችሁ፣ ግንቡን አያችሁ፤ ዘመድ ሳታዩ ልትመለሱ ነው?" አለች። ዘመድ የምትለው ኮሶዬ የሚኖሩትን የአክስቷን ልጅ፣ እትዬን ነው። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ልጅ ሳለሁ ነው፤ ልጆቼማ መኖራቸውንም አያውቁም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ በዲቪ የሄድኩት በ1996 ዓ.ም ነው። ልጆቼ እዚያው ተወልደው ሴቷ 13፣ ወንዱ 8 ዓመት ሞልቷቸዋል። በ2014 ዓ.ም ዲያስፖራው ለገና ሀገሩ ይግባ የሚል ጥሪ ስለነበር፣ ከዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንነሣ ወንበሩን የሞላው እንደኛ ልጅ የያዘ ቤተሰብ ነበር። 13 ሰዓት ያህል በረርን። አዲስ አበባ ገናን ውለን ለከተራ ጎንደር ገባን።

ስለ ጎንደር ጥምቀት ብዙ ስለተጻፈ እኔ እዚህ አልደግመውም። ልጆቼ ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዳር ቆመው በስልካቸው ቀረጹ፣ ደስ አላቸው፣ በሕዝቡ ብዛት ተገረሙ። ማታ ቤት ሲገቡ ግን እንደማንኛውም ቱሪስት በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ሰማኋቸው። እናቴም ሰማች። ወደ ኮሶዬ እንሂድ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ቤታችን ትንሽ ልናገር። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እኔ ከሥራ ስገባ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ይነሣሉ። ያቺ አንድ ሰዓት የቤታችን የአማርኛ ሰዓት ናት። ተነሥ፣ ልበሺ፣ ብላ፣ ወተትሽን ጨርሺ፣ ጫማህን አድርግ፣ ስልኩን ዝጊ፣ ቶሎ በሉ። እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ አውቶቡሱ ይመጣል፤ እኔ እተኛለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ፊደል ያስተምርልናል፤ ትንሹ ልጄ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳት ይቆጥራል። እንጀራም ሞልቷል። የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ1998 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ እኛ ሰፈር የሚጋገረው በአብዛኛው አይዳሆ በተባለው ግዛት ከሚበቅል ጤፍ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተጋግሮ በአውሮፕላን የሚመጣም አለ። በርበሬው አለ፣ ጠበሉ አለ፣ ማኅበሩ አለ። ይህ ሁሉ ስላለ ምንም የጎደለን አይመስለኝም ነበር።

ከጎንደር እንደወጣን ወለቃ ደረስን። ባለቤቴ ሾፌሩን ጥቂት ቀስ በል አለው፤ ከመንገዱ ዳር የሸክላ ምስሎች ተደርድረው ይሸጡ ነበር። ወለቃ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች። በ1977 ዓ.ም ብዙዎቹ በእግር ሱዳን ገብተው ከዚያ በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዘ። ከዚህ የወጡት አያቶች ዛሬም በአማርኛ ያልማሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን ዕብራይስጥ ነው የሚናገሩት። አጎቴ በመስኮት እያየ፣ "ሸክላ ይዘው ገበያ ሲመጡ አውቃቸዋለሁ" አለና ዝም አለ። እሱ ዝም ማለት ያበዛል። አሜሪካ ከገባ 39 ዓመቱ ነው፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራ፣ ታክሲ ነዳ፣ እኔን ተቀብሎ ቤት አስገባኝ። ለልጆቼ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

መንገዱ ጣልያን በወረራው ዘመን ከጎንደር በሊማሊሞ አድርጎ ወደ አሥመራ ያወጣው መስመር ነው፤ ከወለቃ በኋላ መጠማዘዝና መውጣት ይጀምራል። ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ኬላ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ከጥቂት ወራት በፊት የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ ደርሶ ስለነበር ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሾፌሩ ከዚያ መንደር የተፈናቀሉ ዘመዶቹን ለአራት ወር ቤቱ እንዳስጠጋ ነገረን። ልጄ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ተርጓሚ ሆኜ መቀመጤ ያን ጊዜ ከበደኝ።

ኮሶዬ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። ከሚኒባሷ ወርደን በታጨደ የገብስ ማሳ መሐል ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ሄድን። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ ከግቢያቸው ብቅ አሉ፣ እናቴን አንገቷን አቅፈው ግራ ቀኝ ሳሟት፣ ሳሟት፣ ዕንባቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳሟት። ልጆቼን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩአቸው። "እነዚህ ናቸው? እነዚህ ናቸው የኔ ጌቶች?" አሉ። ቤት ገባን። መደቡ ላይ ቆዳ ተነጥፏል፤ ምድጃው ላይ ብረት ምጣዱ ተጥዷል፤ የኩበቱ ጢስ ዓይን ያቃጥላል። ቡናው እየተቆላ የገብስ ቆሎ ቀረበ።

ነገሩ የተከሰተው ከአቦል በፊት ነው። ትንሹ ልጄ ጓሮ ወጥቶ ጫጩት ከዕንቁላል ስትወጣ አየና እየሮጠ ተመለሰ። እትዬ ፊት ቆሞ ልብሳቸውን እየጎተተ፣ "እትዬ፣ ና! ና እይ!" አላቸው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ስልሳ ዓመት የተጠጋቸውን ሴት፣ እንግዳ ሊቀበሉ ቡና የሚቆሉትን፣ እንደ ወንድ ልጅ ጠራቸው። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ገና አፌን ስከፍት ቡና ልትጠራ ወደ ውጭ የወጣችው ልጄ ድምፅ ከበር ተሰማ። የእትዬን ባለቤት፣ ከአውድማ የሚመለሱትን ሽማግሌ፣ "አባባ፣ ነይ! ቡና ደርሷል" ትላቸዋለች። የመጡት የጎረቤት ሴቶች ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም። ማንከሽከሻውን አስቀምጠው ልጁን ራሱን እየዳበሱ፣ "ምን ያድርግ፣ በተጠራበት ነው የሚጠራው" አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። እውነት ነው። ወንዱ ልጄ በሕይወቱ "ና" እንጂ "ነይ" ወይም "ይምጡ" ተብሎ አያውቅም። ሴቷ "ነይ" ስትባል አድጋ ሰው ሁሉ "ነይ" የሚባል ይመስላታል። ሁለቱም "እርስዎ"ን አያውቁትም፤ ማንን አይተው ይወቁት? ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ቤታችን አያት የለ፣ ጎረቤት የለ፣ እንግዳ ሲመጣም ልጆች ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። አማርኛችን ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ፣ እሱም ትዕዛዝ ብቻ ነው። ትዕዛዝ መልስ አይፈልግም፤ ልጁ ተነሥቶ ጫማውን ካደረገ አለቀ። እኔ ግን አማርኛ የማይናገሩት በእንግሊዝኛው ጥፋት፣ በትምህርት ቤቱ ጥፋት፣ በስልኩ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው ጠያቂና ተጠያቂ፣ ተራኪና ሰሚ፣ መራቂና አሜን ባይ ሲሆን ነው። እኛ ይህን አልሰጠናቸውም፤ ጊዜ አልነበረንም ብል ውሸት ባይሆንም በቂ ምክንያት አይደለም።

እትዬ ምንም ሳይሉ ከልጁ ጋር ወጥተው ጫጩቷን አዩለት። ሲመለሱ ደግሞ ቀስ ብለው፣ "እትዬ፣ ይምጡ በለኝ እስቲ" አሉት። አላቸው። "ይምጣሉ" አለ መጀመሪያ፤ ቀጥሎ አስተካከለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያየውን ሰው ሁሉ "ይምጡ" ሲል ዋለ፤ ውሻውን ሳይቀር።

ከሰዓት በፊት አውድማ ወረድን። የወገራ ደጋ የገብስ ሀገር ነው፤ ጥር ደግሞ የውቂያ ወር። የከመሩት ነዶ ተበትኖ አራት በሬዎች ጎን ለጎን ተጣምደው ክብ እየዞሩ ያበራያሉ። አንድ ከልጄ የማይበልጥ እረኛ ከኋላ እየተከተለ ይነዳቸዋል። ልጄ ጥቂት ቆሞ አየና ዱላውን ተቀበለው። "ሂድ! ሂድ! ና! ዙር!" እያለ ዞረ። እዚህ ላይ እናቱ ያስተማረችው አማርኛ ሁሉ በቦታው ነበር፤ በሬዎቹም ታዘዙት። እረኛው አንድ ነገር ጠየቀው፤ እሱም መለሰለት። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ እኔ ከዳር ነኝ። ብቻ ለሃያ ደቂቃ ያህል እኔን ዞር ብሎ አላየኝም፤ ተርጓሚ አልፈለገም። ሽማግሌው በመንሽ ገለባውን ወደ ላይ ሲወረውሩ ነፋሱ ገለባውን ወደ ገደሉ አቅጣጫ ይወስደዋል፤ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል። የልጄ ፀጉር ቢጫ ሆኖ ነው ወደ ቤት የገባው።

ምሳ በላን፤ የእናቴ አገልግል ተፈታ፣ ዶሮው ወጣ። ከዚያ አጎቴ፣ "አፋፉ ድረስ እንሂድ" አለ። ከጠዋት ጀምሮ ከተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር።

ከቤቱ አፋፉ ሩቅ አይደለም። መሬቱ ሜዳ ሆኖ ይሄድ ይሄድና ድንገት ያልቃል። ከሥር የአርማጭሆ ቆላ ነው፤ ሾጣጣ አምባዎች ከጭጋጉ ውስጥ አንገታቸውን አውጥተው ቆመዋል፤ ከእነሱ ወዲያ ሌላ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ፣ የመጨረሻው ሰማይ ይሁን ተራራ አይለይም። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም ኢትዮጵያን ስትጎበኝ እዚህ ቆማ ይህንኑ አይታለች ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ኮሶ አለ፤ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ ቀይ አበባው ተንዠርጎ። የኮሶዬ ስም ከዚሁ ዛፍ የመጣ ነው ብለው ሽማግሌው ነገሩን። ለልጆቼ አበባው እየተወቀጠ በባዶ ሆድ ይጠጣ የነበረ የሆድ ትል መድኃኒት መሆኑን፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ መጻፉን፣ በኋላም አውሮፓ ድረስ በመድኃኒት ቤት መሸጡን ነገርኳቸው። ልጄ አበባውን ቀምሳ ተፋችው።

ከዚያ ገደሉን እያየች፣ ጣቷን ወደ ታች ዘርግታ፣ "ጋሼ፣ እዚያ ታች ምን አለ?" አለች።

በአማርኛ ነው የጠየቀችው። እኔን ሳይሆን እሱን። አጎቴ ወዲያው አልመለሰም። አንድ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና ጋቢውን ሰበሰበ።

"መንገድ አለ" አላት። "እኔ በዚያ ወርጄ ነው አሜሪካ የገባሁት።"

እሷ አልገባትም፤ ባለቤቴ ሊተረጉም ሲል አጎቴ በእጁ ከለከለው። ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ በአማርኛ ነገራት። ዘመኑ 1971 ነው። ቀይ ሽብር በጎንደር ከብዙ ቤት ልጅ ወስዷል፤ ከእሱ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ጓደኞቹ ከወጡበት አልተመለሱም። 19 ዓመቱ ነው። አባቱ በሌሊት ኮሶዬ ድረስ አመጣው፤ ዘመድ ቤት አሳደረው፤ ጎሕ ሳይቀድ አህያ የሚነዳ ነጋዴ ተከትሎ በዚህ ገደል ወረደ። ቀን ቁጥቋጦ ሥር እየተኙ፣ ሌሊት እየሄዱ 11 ቀን። ውኃ ሲያገኙ በነጠላው ጫፍ አጥልለው ይጠጣሉ። ወባ ያዘው። ገዳሪፍ ሲደርሱ መቆም አይችልም ነበር። ካርቱም ሦስት ዓመት ሰነበተ፤ አሜሪካ በ1972 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት ብዙ ኢትዮጵያውያን ተመዝግበው ሲሄዱ እሱም ተመዘገበ፤ በ1975 ዋሽንግተን ገባ።

"ስንቄ በሶ ነበር" አለ። "በስልቻ ሙሉ በሶ። እሱ ባይኖር አልደርስም። የዚህ ቤት እናት ነበሩ የሰጡኝ፤ በጨለማ እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁትም።"

እትዬ ከኋላችን ቆመው ነበር። "ገብሱን የቆላሁት እኔ ነኝ" አሉ። "እናቴ ፈጨችው። አትናገሪ ተብዬ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ውሻው እንዳይጮህ አፉን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።"

አጎቴ ከድንጋዩ ተነሣ። "አንቺ ነሽ?" አለ። ሌላ ነገር መናገር አልቻለም። ስንት ዘመን ስልክ ተደዋውለናል፣ ስንት ጊዜ ገንዘብ ልከናል፤ ይህን ግን ማንም አላነሣውም፤ የሚጠይቅ ስላልነበረ።

ልጄ ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉን እንደያዘች አላውቅም። ማታ ግን መደቡ ላይ ተኝተን፣ በአንድ ቡሉኮ ተሸፍነን፣ በጨለማው ውስጥ፣ "ስልቻ ምንድን ነው?" አለችኝ። የፍየል ቆዳ መሆኑን፣ እንዴት እንደሚለፋ፣ አፉ እንዴት እንደሚታሰር ነገርኳት። "በሶስ?" አለች። እንዲህ እየተባለ እኩለ ሌሊት ሆነ። ከልጄ ጋር በአማርኛ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጊዮርጊስ ነው፤ በሬ አይጠመድም። እትዬና አጎቴ ቅዳሴ ሄዱ። እኛ ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ተመለስን፤ ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ከተጠጉበት ገደል አንድ በአንድ እየወጡ ነበር። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ይታያል። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ፤ ሰው አይፈሩም። ልጄ ካጠገባቸው አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቁጭ አለና እሱም ሣር መንጨት ጀመረ።

ስንሸኝ እትዬ ለልጆቼ የተቆላ ገብስ በላስቲክ ቋጥረው ሰጧቸው። "ለመንገድ" አሉ። አጎቴ ተሸክሞት ነው እስከ ሚኒባሷ የሄደው።

እንደኛ ባሕር ማዶ ልጅ ለምታሳድጉ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሀገር ቤት ስትሄዱ ከበዓሉና ከሆቴሉ ቀን ቀንሱና ልጆቹን እንግሊዝኛ የማይሰማ ዘመድ ቤት አሳድሯቸው። እዚያ አትተርጉሙላቸው። የእናንተ ታላላቆችም እንዴት እንደወጡ፣ ማን እንዳሳደራቸው፣ ስንቁን ማን እንደቋጠረ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ።

አሁን ሰኔ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ስልክ እንደውላለን፤ እኛ ዘንድ ጠዋት ሲሆን ኮሶዬ ወደ ማታ ነው። ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ "እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ገብሱ ተዘራ?" አለች።

ተዘርቷል።